ከጾሙ ጥያቄ ጋር የዓይኑም ይነሳ

ረመዳን ሲቃረብ፣ ፍኖተ ሰላም ይሁን ቡሬ፣ የስኳር ሕመምተኛ ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጹም ወይስ ይቅርብኝ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው በሱረቱል በቀራ እናውቃለን፤ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት የሚያስተካክለው ደግሞ ሐኪሙ ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ሌላ ጥያቄም አብሮ እንዲነሳ እንወዳለን። የእናታችን ዓይን፣ የአባታችን ዓይን ውስጡ የታየው መቼ ነው?

ውስጡ ስንል መነጽር ቤት ሄዶ ፊደል መቁጠርን አይደለም። ስኳር በዓይን ጀርባ ያለውን ሬቲና የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። ሥሮቹ ያፈስሳሉ፣ ይደፈናሉ፤ ቆይቶም ደካማ አዳዲስ ሥሮች ይበቅሉና ይደማሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም። ሽማግሌው ቁርኣኑን ይቀራል፣ ሸማኔው ክሩን ይቀጥላል፣ እናት ለኢፍጣሩ ሾርባ ምስሯን ትለቅማለች። እይታው ሲደበዝዝ ግን ብዙው ጉዳት ደርሷል። በጊዜ ከተደረሰበት በሌዘርና ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ያለውን ብርሃን ማቆየት ይቻላል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ ወዲያው፣ ከዚያም በየዓመቱ ዓይኑን ይታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

አካባቢያችን ለዓይን ሕክምና እንግዳ አይደለም። ለትራኮማ መድኃኒት በየቀበሌው ሲታደል፣ ወደ ውስጥ የዞረ የዓይን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ሲስተካከል ዓመታት ቆጥረናል። ስለዚህም «ዓይኔን» ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ትራኮማ ወይም ሞራ ነው። የስኳሩ ጉዳት ከውጭ አይታይም። የዓይንን ጀርባ የሚያሳይ መሣሪያና ያየውን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ለዚህ የሚበቃው ባለሙያ ደግሞ በአብዛኛው ያለው እንደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ነው። ከወምበርማ ገጠር ተነስቶ ሽንዲ፣ ከሽንዲ ቡሬ፣ ከቡሬ ባሕር ዳር፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ ለማያመው ዓይን ይህን ሁሉ የሚጓዝ ማን ነው?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ለእኛ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሊወስድ በመጣበት ቀን ነርሷ የዓይኑን ጀርባ ፎቶ ታነሳለች። በብዙ ሺህ የሬቲና ፎቶዎች የሠለጠነው ፕሮግራም በደቂቃዎች ውስጥ «ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ» ወይም «ለዓመቱ ይምጣ» ይላል። አሜሪካ ሐኪም ሳያነበው በራሱ ውጤት የሚሰጥ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። «የሌላ አገር ሰው ዓይን ያየ ማሽን የእኛን ምን ያውቃል?» ለሚል ደግሞ የዛምቢያው ሙከራ አለ። ሲንጋፖር የሠለጠነ ፕሮግራም በኮፐርቤልት ግዛት በ1574 የስኳር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ ሪፈር ከሚያስፈልጋቸው ዓይኖች ከመቶ 92 ያህሉን ለይቷል። ነርሶች ይህን ይችሉታል ወይ ማለትም አያስፈልግም። በጎንደር ዙሪያ የስኳር ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርዶ በነርሶች እጅ ሲሠራ ኖሯል።

ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበን የኪጋሊው ቁጥር ነው። በሩዋንዳ በተደረገ ጥናት ማሽኑ ውጤቱን እዚያው ከነገራቸውና ሪፈር ከተባሉት ሰዎች 51.5 በመቶው ወደ ሐኪም ሄዱ፤ ከቀናት በኋላ ከተነገራቸው ግን 39.6 በመቶው ብቻ። ማሽኑ ጠቅሟል። ሆኖም ወዲያው ከተነገራቸውም ግማሽ ያህሉ አልሄደም። በከተማ ይህ ከሆነ ሰቀላና ጃቢ ጠህናን ገጠር ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ካሜራው ይምጣ ስንል ለብቻው አይምጣ እንላለን። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ካሜራ ሊገባ ነው ቢባል እኛ ቤተሰቦች ልንጠይቅ የሚገባን ሌዘሩ የት እንዳለ፣ ቀጠሮው በስንት ቀን እንደሚደርስና የመኪናውን ማን እንደሚሸፍን ነው። ካሜራና ሌዘር አንዱን ምረጡ ብንባል ሌዘሩን ከሚሠራበት ባለሙያ ጋር እናስቀድማለን። ሕክምናው በሌለበት ሰውን «ዓይንህ እየጠፋ ነው» ብሎ መሸኘት መርዶ እንጂ ምርመራ አይባልም።

ሌላም አለ። በታይላንድ 11 ክሊኒኮች ሲሞከር ማሽኑ ከፎቶዎቹ 21 በመቶውን «አይነበብም» ብሎ መልሷል፤ ክፍሉ ብርሃኑ ስለማይመች፣ ኢንተርኔቱም ስለሚንቀራፈፍ ብዙ ተቸግረዋል። የእኛ አዛውንቶች ደግሞ ሞራ ያለባቸው፣ ትራኮማ የዓይናቸውን ብሌን ያጠየመባቸው ብዙ ናቸው። «አይነበብም» ማለት ጤነኛ ነህ ማለት እንዳልሆነ ለሕመምተኛው በአማርኛ፣ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ያለ ኢንተርኔት በስልክ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም ስላሉ ለቡሬና ለአካባቢው የሚመረጠው እነሱን የመሰለ ነው። በ2012 ዓ.ም. ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም የእነዚህን አዛውንቶች ዓይን ቢያስብበት ደስ ይለናል።

ጠብታው ጾሜን ያፈርስብኛል ብሎ ቀጠሮውን ወደ ሸዋል የሚገፋም አይጠፋም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ የዓይን ጠብታም ሆነ ለምርመራ የሚቀዳ ደም ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ልቡ ያልረጋ የመስጂዱን ኢማም ይጠይቅ። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ግን እይታን ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ እናታችንን ብቻዋን አንላካት፤ ማታ ለተራዊህም እጇን የሚይዝ ይኑር።

ዘካ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት ዑለማዎቻችን ናቸው። ለሰደቃ ግን እንዲህ ዓይነት በር አለ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ከዘንድሮው የኢፍጣር ዝግጅት ጥቂቱን ቀንሰው ለሪፈር መንገደኛ የመኪናና የማደሪያ ቢያደርጉት፣ ለክርስቲያኑ ጎረቤትም ጭምር፣ ማንም የሚከፋ አይመስለንም። እስከዚያው በየቤታችን ከመደርደሪያው ላይ፣ ከሣጥኑ ውስጥ የቆየ የዓይን ሪፈር ወረቀት ካለ ከዒድ በፊት እናውጣው፤ የሚሄዱበትን ቀንና አብሮ የሚሄደውን ልጅ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ተቀምጠን እንቁረጥ።