የሸመንደፈር ሰው ሲያርፉ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ «የሸመንደፈር ሰው ነበሩ»፣ ማለትም የባቡሩ ሠራተኛ፣ ከተባለ ሰሚው ሌላ አይጠይቅም። ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ሀዲዱ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ባቡሩን ያየችው ከ15 ዓመት በኋላ ነበር።

እነዚህ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለተዘረጋው 784 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። የመሣሪያውን ስም በፈረንሳይኛ፣ ቀልዱን በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ቁጣውን በአማርኛ ያውቁታል። (ድሬዎች በዚህ አይገረሙም።) የታመመ ሞተር በድምፁ የሚለይ ጆሮ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ከባለቤቱ ጋር አፈር ይገባል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቋል፤ እሰየው። የአሮጌው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ስለነበር አሮጌው ባቡር በአዲሱ ላይ አይሄድም። የሰዎቹ እውቀት ግን አብሮ መቅረት አልነበረበትም። ዕድሩ ቀብራቸውን ያሳምራል፤ ትዝታቸውን መሰብሰብ የዕድር ሥራ አይደለም። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ወደ ከዚራ ይላክልን። ሽማግሌዎቹ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ።