የተሰረቀች ጀልባና የጎረቤት ዓይን

ሌባን የሚረዱ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከሌባው ጋራ ሄዶ የተሰረቀውን ዕቃ የሚሸከም ነው፤ ሁለተኛው ግን በቤቱ ተቀምጦ ሌባው ሲያልፍ እያየ «ምን አገባኝ» ብሎ ፊቱን የሚመልስ ነው። ሰው ሁሉ የፊተኛውን ይንቀዋል፤ ዳኛም ይፈርድበታል። ሁለተኛውን ግን የሚከሰው የለም፤ እርሱም ራሱን እንደ ንጹሕ ሰው ይቈጥራል። እኔ ግን ይህ ሁለተኛው ሰው ሌባውን ከፊተኛው ይልቅ ይጠቅመዋል እላለሁ። ስለምን ቢባል፤ ተሸካሚው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አይተው ዝም የሚሉት ግን በመንገዱ ሁሉ የተቀመጡ ብዙዎች ናቸው። ይህን ነገር በእንግሊዝ አገር በቦይ ላይ ከሚኖሩት ከጀልባ ሰዎች ኑሮ ልንማረው እንችላለን።

በእንግሊዝ አገር ሰዎች የቈፈሯቸው ብዙ የጀልባ ቦዮች አሉ። እነዚህ ቦዮች እንደ ወንዝ ረጃጅም ናቸው፤ ውኃቸው ግን እንደ ወንዝ አይጋልብም፤ ጸጥ ብሎ ይተኛል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1761 ዓ.ም. የብሪጅወተር ቦይ ተከፈተ፤ በዚያም ከዎርስሊ የማዕድን ጕድጓድ ወደ ማንቸስተር ከተማ የድንጋይ ከሰል በጀልባ ይወሰድ ጀመር። ከዚህ በኋላ ሌሎች ብዙ ቦዮች ተቈፈሩ። በቦዩ ዳር የእግር መንገድ አለ፤ በዚያ መንገድ ላይ ፈረስ እየሄደ ጀልባዋን በገመድ ይስብ ነበር። በየብስ በጋሪ ጥቂት ጭነት ብቻ የሚስብ አንድ ፈረስ፤ በውኃ ላይ 25 ቶን ያህል ይስብ ነበር።

የእነዚህ ጀልባዎች መልክ ላላያቸው ሰው እንግዳ ነው። ወርዳቸው ከ2 ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ ርዝመታቸው ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ጠባብ የሆኑበት ምክንያት በብዙዎቹ ቦዮች ላይ ያሉት የውኃ በሮች ጠባብ ስለ ሆኑ ነው። ጀልባ እንደ በቅሎ ዳገት መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ቦዩ ኮረብታ በሚወጣበት ስፍራ በፊትና በኋላ በር ያለው የድንጋይ ክፍል ተሠራለት። ጀልባዋ ወደ ክፍሉ ትገባለች፤ በስተኋላዋ ያለው በር ይዘጋል፤ ከላይ ውኃ ይለቀቃል። ክፍሉ ሲሞላ ጀልባዋ ከውኃው ጋራ ከፍ ትላለች፤ ከዚያም የፊቱ በር ተከፍቶ መንገድዋን ትሄዳለች።

የባቡር ሐዲድ በተሠራ ጊዜ የቦዩ ንግድ ትርፍ አነሰ፤ ብዙ የጀልባ ነጂዎችም የቤት ኪራይ መክፈል ስለ ከበዳቸው ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባው ውስጥ ይኖሩ ጀመር። ቤታቸው በጀልባው በስተኋላ ያለች 3 ሜትር ያህል የምትረዝም ክፍል ነበረች። ልጆቻቸው ሁልጊዜ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚሄዱ በአንድ ትምህርት ቤት ሊቀመጡ አልቻሉም፤ ብዙዎቹም ማንበብ ሳያውቁ አደጉ። በ1877 ዓ.ም. ሰው የሚኖርበት የቦይ ጀልባ ሁሉ እንዲመዘገብና ቍጥሩ እንዲጻፍበት ሕግ ወጣ። ዛሬ የጭነቱ ሥራ ከሞላ ጐደል ቀርቷል፤ ፈረሱም በሞተር ተተክቷል፤ ነገር ግን ጀልባን ቤታቸው ያደረጉ ሰዎች አሁንም በብዙ ሺህ ይቈጠራሉ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ እንዲህ ያለች ጀልባ ስትሰረቅ የሚጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ አስተውሉ። ፈረሱ የተሰረቀበት ሰው በቤቱ ያድራል፤ ገንዘቡ የተሰረቀበት ሰው በአልጋው ይተኛል። ጀልባው የተሰረቀበት ሰው ግን ቤቱን ከነአልጋው፤ ከነምድጃው፤ ከነልብሱ ያጣል። አንዲት ሽማግሌ ሴት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ከውኃው ዳር የቆመውን ችካልና የተቈረጠውን ገመድ ብቻ አገኘች እንበል። ዳቦውን በእጅዋ ይዛለች፤ የምታስቀምጥበት ቤት ግን የላትም። ማታም እየመጣ ነው።

ሌባው በጀልባዋ ወዴት ሊሄድ ይችላል? በብዙዎቹ ቦዮች ላይ ጀልባ በሰዓት ከ4 ማይል፤ ይኸውም ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል፤ እንዳይበልጥ ታዝዟል፤ ይህም ሰው ፈጠን ብሎ የሚራመደውን ያህል ነው። በዴቫይዝስ ከተማ አጠገብ ኬን ሂል በሚባለው ዳገት 29 የውኃ በሮች በ3 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉን ለማለፍ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል። ሌባው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ልሽሽ ቢል ሜዳ የለውም፤ መንገዱ ጠባብና አንድ ነው።

«እንዲህ ከሆነስ ሌባው ወዲያው ይያዛል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የሚባለው ማኅበር በእንግሊዝና በዌልስ የሚጠብቃቸው የውኃ መንገዶች ብቻ 2,000 ማይል ያህል ይሆናሉ፤ ፖሊስ በዚህ ሁሉ ዳር ሊቆም አይችልም። ሌባውም በሌሊት ሊሄድ፤ ስምዋን በቀለም ሊሸፍን፤ ዛፍ በጋረደው ስፍራ ሊያስራት፤ ወይም በከባድ መኪና አስጭኖ ሊወስዳት ይችላል። ስለዚህ የጀልባዋ ዝግታ ብቻውን ሌባን አይዝም፤ ዝግታዋ የሚጠቅመው በዳር ሆኖ የሚመለከት ሰው ሲኖር ነው።

እንግዲህ የጀልባ ሰዎች የሚያደርጉትን እንመልከት። ባለቤቲቱ ለፖሊስ ትነግራለች፤ ከዚያም ለጎረቤቶችዋ ትነግራለች። እነርሱም የጀልባዋን ስም፤ ቀለም፤ ቍጥርና ፎቶግራፍ ወደ ወዳጆቻቸው ይልካሉ፤ ወዳጆቻቸውም ለሌሎች ያስተላልፋሉ። ዛሬ መልእክቱ በስልክ ስለሚላክ ከጀልባዋ እጅግ ይቀድማል፤ ሌባው ገና በመንገድ ሳለ በፊቱ ያሉት ሰዎች ነገሩን ሰምተው ይጠብቁታል። የውኃውን በር የሚያገለግል፤ ዓሣ የሚያጠምድ፤ ከውሻው ጋራ በዳር የሚመላለስ፤ ሁሉም ዓይኑን ይከፍታል። ደግሞም የራሳቸው ማሰሪያ ስፍራ የሌላቸው ጀልባዎች በ1995 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አይቆዩም። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ያለው ጎረቤት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ስፍራ ይገኛል፤ ዓይኑም አብሮት ይሄዳል።

እረኛ የከብቱን መልክ እንደሚያውቅ፤ የጀልባ ሰውም የጀልባን መልክ ያውቃል። ስምዋ ቢፋቅ በሞተርዋ ድምፅ፤ በጭስ መውጫዋ መጣመም፤ በጎንዋ ባለው ጭረት ይለያታል። ያየበትን ስፍራ ለመናገርም አይቸገርም፤ በቦዮቹ ላይ ያሉት ድልድዮች ቍጥር ተጽፎባቸዋልና። «ከዚህኛው ቍጥር ድልድይ አልፋ ታስራለች» ብሎ ቢናገር ፖሊስ ሳይሳሳት ይደርሳል። ልጆች ሆይ፤ ፊደልንና ቍጥርን አጥርቶ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ተመልከቱ። በቀድሞው ዘመን ብዙ የጀልባ ልጆች በገዛ ቤታቸው ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ አይችሉም ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሕፃን የጀልባን ስም አንብቦ ለአባቱ በመናገሩ ለአንዲት ሴት ቤትዋን ሊያስመልስላት ይችላል።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ምሳሌ አለን። ይህ ምሳሌ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስፍራ አለው። በጎረቤት ጓዳ ስላለው ነገር፤ በባልና በሚስት መካከል ስላለው ጠብ ዝም ማለት ጥበብ ነው። የሰው ቤት ሲሰረቅ አይቶ ዝም ማለት ግን ፍርሃት ወይም ስንፍና ነው እንጂ ጥበብ አይባልም። ወሬኛና ምስክር ሁለቱም ይናገራሉ፤ ሆኖም አንድ አይደሉም። ወሬኛ ያላየውን ነገር ለማይመለከተው ሰው ይናገራል፤ ምስክር ያየውን ብቻ ለሚመለከተው ሰው ይናገራል።

ሌላውም ሰው «ሌባው ቂም ቢይዝብኝስ» ይላል። ይህ ፍርሃት ሊናቅ አይገባም፤ ብቻውን የሚናገር ሰው ሊጐዳ ይችላልና። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። አንዱ በማለዳ አየሁ፤ ሁለተኛው በቀትር አየሁ፤ ሦስተኛው በማታ አየሁ ቢሉ ሌባው በማን ላይ ቂም ይይዛል? ሁሉም ሲናገሩ ሸክሙ ለእያንዳንዱ ይቀላል፤ ሁሉም ዝም ሲሉ ግን ባለቤቲቱ ብቻዋን ትሸከመዋለች።

ይሁን እንጂ የብዙ ሰው ዓይን እንደ እሳት ነው፤ ያበስላል፤ ደግሞም ያቃጥላል። አንድ ሰው በገንዘቡ ጀልባ ገዝቶ ቀለምዋን ቢለውጥ፤ እርስዋም የተሰረቀችውን ጀልባ ብትመስል፤ ጎረቤቶቹም ሳይመረምሩ «ሌባ! ሌባ!» ብለው ቢጮኹበት፤ እነርሱም የሰረቁት ነገር አለ፤ ይኸውም የሰውዬውን ስም ነው። የተሰረቀች ጀልባ በአንድ ቀን ልትመለስ ትችላለች፤ የጠፋ ስም ግን እንዲህ በቶሎ አይመለስም። ስለዚህ የሚመለከት ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ። መጀመሪያ፤ ያየውን ነገር ደግሞ ይመልከት፤ ቍጥሩንም ያንብብ። ሁለተኛ፤ ለፖሊስና ለባለቤቱ ይንገር እንጂ በየመንገዱ አያውራ። ሦስተኛ፤ ሌባውን ለመምታት ብቻውን አይሂድ፤ ፍርዱንም ለዳኛ ይተው። በጠባብ የውኃ ዳር በጨለማ የሚጣሉ ሰዎች ሁለቱም ሊሰጥሙ ይችላሉ።

የጀልባ ሰዎች ይህን ልማድ ያገኙት ጀልባ በተሰረቀበት ቀን አይደለም። ሁልጊዜ ሲተላለፉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ከፊት የሄደው ለሚመጣው በሩን ይከፍትለታል፤ የኋለኛውም በሩን ሳይዘጋ አይሄድም፤ በሩ ሳይዘጋ ቢቀር ውኃው አልቆ የሁሉም ጀልባ ጭቃ ላይ ይቀራልና። እንዲህ ሲረዳዱ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ስለዚህ በአንዲት ጀልባ መሪ ላይ የማያውቁትን ሰው ባዩ ጊዜ «ይህች የእገሌ ናት፤ ይህ ሰው ግን ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ሌባውን ከባለቤቱ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ሰላምታ የማይሰጣጡ ሰዎች በሚኖሩበት ስፍራ ሌባ በቀን ዕቃ ተሸክሞ ቢሄድ ባለቤት ይመስላል።

ጀልባዋም በተገኘች ጊዜ ነገሩ አያልቅም። በርዋ ተሰብሮ፤ ምድጃዋ ቀዝቅዞ፤ ዕቃዋ ተበትኖ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ጎረቤት ማለት አንዱ አዲስ ቍልፍ ይዞ የሚመጣ፤ ሁለተኛው ከሰል የሚያመጣ፤ ሌላውም መጥረጊያ ይዞ የሚገባ ነው። ሽማግሌዪቱም በምድጃዋ አጠገብ ስትቀመጥ የተመለሰላት ቤትዋ ብቻ አይደለም፤ በሰው ላይ ያላት እምነትም ተመልሶላታል።

እናንተም ልጆች፤ የጓደኛችሁ ደብተር ሲወሰድ ብታዩ «የእኔ አይደለም» አትበሉ። ደግሞም ሳታዩ «እርሱ ነው» አትበሉ። ያያችሁትን ብቻ ለመምህራችሁ ተናገሩ፤ ደብተሩ ለጠፋበትም ጓደኛችሁ ወረቀት አካፍሉት። ነገ የእናንተ በጠፋ ጊዜ የሚመለከትላችሁ ዓይን የምታገኙት ዛሬ ለሌላው በመመልከታችሁ ነው።