ሰንጢዬና ሰንጢዎቼ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ የወር ደመወዝ ስለሚበላ አንድ በሽታ ነው። በሽታው አይገድልም፤ ሐኪምም ስም አላወጣለትም፤ ባለቤቴ ግን «የብረት አባዜ» ትለዋለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። በሥራ ዓለም የገባሁት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍሉ ሹም የነበሩት አዛውንት የፋይል ሲባጎ በጥርሴ ስበጥስ ደረሱብኝና «ልጄ፤ ጥርስ ከዕቃ ግምጃ ቤት በሞዴል አይወጣም» ብለው ከኮታቸው ኪስ አንዲት ሰንጢ አውጥተው ሰጡኝ። እጀታዋ ጥቁር ቀንድ፥ ስለቷ ሁለት ነው፤ በትልቁ ስለት ሥር የሶሊንገን ከተማ ስም በላቲን ፊደል ተቀርጾባታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት በኪሴ ኖረች። ፖስታ ከፈትሁባት፥ እርሳስ ቀረጽሁባት፥ በመስክ ሥራ ላይ ሸንኮራ ላጥሁባት። ከመሳል ብዛት ትልቁ ስለቷ እንደ ሁዳዴ ጿሚ ከሳ። ስለ እርሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም፤ ሰው ስለ አውራ ጣቱ ያስባልን?

ማሰብ የጀመርሁት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። የበር ማጠፊያ ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ ሳለሁ፥ ከአሮጌ ብረት ክምር መካከል የእንጨት እጀታ ያላት ሰንጢ አየሁ። በስለቷ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ ተቀርጾባታል። ማጠፊያውን ረስቼ እርሷን ገዝቼ ገባሁ። በሩ እስከ ዛሬ ይንቋቋል።

ያች ሰንጢ ኦፒኔል የምትባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ነበረች። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ብነግራችሁ፥ ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል የሳቯ ተራራ አገር ልጅ፥ የመጥረቢያና የማጭድ ሠሪ ልጅ ነው፥ በ1890 ሠራት። በ1897 ከ1 እስከ 12 ቁጥር በመጠን ለይቶ አወጣት። በ1909 ምልክቱን አስመዘገበ። እጁ የተወሰደው ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ አርማ ሲሆን፥ በዚያች ከተማ ካቴድራል የመጥምቁ ዮሐንስ ጣቶች ናቸው ተብለው የሚከበሩ አሉና ከዚያ የመጣ ነው፤ ዘውዱ ደግሞ የሳቯን መሳፍንት ያስታውሳል። ይህን ለባለቤቴ ባጫውታት አማተበችና «እንግዲያው እርሷን ይዘህ ሌላውን ተው» አለችኝ። ምክሯን በግማሽ ተቀበልሁ።

የዚህን በሽታ መጀመሪያ ለመረዳት የምትሹ እንደ ሆነ ይኸውላችሁ። የእኔዋ 8 ቁጥር ናት፤ በአንገቷ ላይ ግን ቀለበት የላትም። ስለቱ ተከፍቶ ሳለ በጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዘውን ተሽከርካሪ ቀለበት ማርሴል ኦፒኔል የፈለሰፈው በ1955 ነው። ትንንሾቹ ቁጥሮች ዛሬም ቀለበት የላቸውም፤ 8 ቁጥር ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ቀለበት አይወጣም። ስለዚህ ሰንጢዬ ከ1955 በፊት የተሠራች ናት ማለት ነው! ይህን በገዛ ራሴ ምርመራ በደረስሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመዝገብ ቤት ስንት ዓመት ፋይል ስመረምር የዚያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላማ ሁሉም ብረት ይናገር ጀመር። ኬዝ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1970 በስለቱ ሥር አሥር ነጥብ አደረገ፤ በየዓመቱም አንድ አንድ ነጥብ ቀነሰ፤ ነጥቡን የቈጠረ የሰንጢዋን ዕድሜ ያውቃል። በሶሊንገን ስም የተነገደበት የውሸት ዕቃ ስለ በዛ ጀርመኖች በ1938 ስሙን በሕግ ጠበቁት። ስዊሶችም በ1890 ለወታደሮቻቸው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ሲወስኑ፥ በአገራቸው በብዛት የሚሠራ ስላልነበረ የመጀመሪያውን ከዚያው ከሶሊንገን አስመጡ። ካርል ኤልሰነር የሚባል ሰው ይህ ቈጭቶት የአገሩን ቢላዋ ሠሪዎች አስተባብሮ በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ፤ በዚህም ጣጣ ሊከስር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያወጣው ግን በ1897 ያስመዘገበው የመኰንኖች ሰንጢ ነው። እናቱ በ1909 ሲሞቱ ፋብሪካውን በስማቸው ቪክቶሪያ አለው፤ በ1921 የማይዝግ ብረት ሲጀመር «ኢኖክስ» የሚለው ተጨመረበትና ቪክቶሪኖክስ ሆነ። ዛሬ በየሱቁ የምታዩት ቀይ ሰንጢ የእናት ስም የያዘ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ ጆሯችሁንም ስጡ። ስለቱን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በእጀታው ጀርባ ያለው ሞላ ደኅና ከሆነ በመጨረሻው ላይ «ቀጭ» ብሎ ይይዛል፤ የደከመ ሞላ ያልጐመጉማል እንጂ አይናገርም። ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ምስማሩ ላልቷል። የድሮው ተራ ብረት ብርቱካን ሲነካው ይጠቊራል፤ ያ ጥቁረት ነውር አይደለምና አሸዋ ወረቀት ይዛችሁ አትነሡበት። ቀዩ ዝገት ግን ጠላት ነው፤ በዘይት አስለቅቁት። በውጭ አገር ያለ ዘመድ ሰንጢ የሚያመጣላችሁ እንደ ሆነ በሚያስረክበው ሻንጣ ይክተተው፤ ከ2001 ወዲህ በእጅ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር በብዙ ቦታ ቀርቷል። የባለቤቴ ወንድም አንዷን በዙሪክ አየር ማረፊያ ለፈታሾች አስረክቦብኛል፤ እስከ አሁን እናዝናለን።

በአምስት ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ሰንጢ ሰበሰብሁ። ሁሉም በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልለው በመሳቢያ ይተኛሉ። አንድ ቀን ልጄ ብርቱካን የምትልጥበት ጠየቀችኝ፤ አንዷ ትበላሻለች፥ አንዷ ትጫራለች ስል፥ ሃያ ሦስት ሰንጢ ባለበት ቤት ብርቱካን በጥርስ ተላጠ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልምጣ። እንደ እኔ ሰንጢ የሚሰበስብ አንድ ወዳጅ 1971 ዓመተ ምሕረት የታተመባት የስዊስ ወታደር ሰንጢ ነበረችው፤ እጀታዋ አሉሚኒየም፥ ከሳጥን ያልወጣች የምትመስል። ገንዘቤ አልበቃ ስላለኝ የቀንዷን ሰንጢዬን ጨመርሁለት። «ስለቷ አልቋል፤ ለሰብሳቢ አትሆንም» አለኝ። እኔም «እውነት ነው» አልሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የበላሁባትን እንዲህ ብዬ ሸኘኋት።

ባለፈው ወር የድሮው ሹሜ ታመው ልጠይቃቸው ሄድሁ። አልጋ ላይ ናቸው፤ አእምሯቸው ግን እንደ ድሮው የተሳለ ነው። «ጥርስህ ደኅና ነው?» ብለው ሣቁብኝ። ቀጥለውም «ያች ቀንዷ አለች?»

«አለች ጌታዬ፤ ቤት ናት» አልሁ።

«በምትመጣበት ጊዜ ይዘሃት ና። የአባቴ ነበረች፤ አንድ ጊዜ በእጄ ልያዛት።»

የአባታቸው መሆኗን በዚያን ቀን ሰማሁ። ወዲያው ወደ ወዳጄ ሮጥሁ። እርሱ ለጫማ ሰፊው ሸጧታል። ጫማ ሰፊውን ጥግ ላይ አገኘሁት፤ ሰንጢዬ በእጁ ናት፤ ሶል ትቀዳለች። ሰብሳቢ የናቀው ቅጥነቷ ቆዳውን እንደ ቅቤ ያስኬዳታል። ዋጋ ብጠራለት ራሱን ነቀነቀ፦ «ጋሼ፤ ይህች እንጀራዬ ናት፤ ብሩን በልቼ ነገ በምን እሠራለሁ?»

በማግሥቱ አምስት ሰንጢ ይዤ ተመለስሁ። እርሱ የፋብሪካ ስምና ዓመተ ምሕረት አያይም፤ እያንዳንዷን በቆዳ ቊራጭ ላይ ሞክሮ መለሰልኝ። ያች የአሉሚኒየሟ ወታደር «ወፍራም ናት» ተባለች። በመጨረሻ ዘውድ የደፋው እጅ ያለባትን፥ ቀለበት የሌላትን፥ ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣችኝን አነሣ። ቆዳው ላይ አንድ ጊዜ አስኬዳት፤ ደግሞ አስኬዳት። «በዚህች እለውጣለሁ» አለኝ።

እኔም ይቅርታ አድርጉልኝና «አስቤበት ልምጣ» ብዬ ይዣት ተመለስሁ። ይህን ስጽፍላችሁ በጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ አሁን ዘይት ቀብቼ ወደ ኮቴ ኪስ እከታታለሁ። ጫማ ሰፊው ሥራ የሚጀምረው ጧት በሁለት ሰዓት ነው፤ ሽማግሌው ቤት ደግሞ ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጠበቃለሁ።