ዋልያውን አየነው፤ አፈሩንስ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። «ፈንገስ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ የሻገተ እንጀራ። ከዚያ ካለፈም ክረምት ላይ ብቅ የሚለው የጅብ ጥላ። አለቀ!

ሐምሌ 2017 ዓ.ም ግን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ከነካርታው ወጣ። ከዕፅዋት ሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩ የአፈር ፈንገሶች በየትኛው የዓለም ክፍል በዓይነት እንደሚበዙ የሚያሳይ ካርታ ነው። ከብራዚል የሴራዶ ሜዳና ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች ጋር የማን ስም ተጠራ መሰላችሁ? የእኛው የሰሜን ተራሮች!

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የተጓዘ ሰው አምባ ጊዮርጊስን ያውቃታል። ከመኪና ስትወርዱ የወገራ ብርድ ይቀበላችኋል፣ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ቱሪስቱ ግን ዋልያና ጭላዳ ለማየት ቸኩሏል። እኛም ያው ነን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ጀምሮ የምንኮራው በሚታየው ብቻ ነው። ከጫማችን ስር ያለውን ማን ዞር ብሎ አየው?

«ዳቦ ሳይኖር ስለ ፈንገስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ ነገሩ የዳቦ ነው! እነዚህ ፈንገሶች ከፀጉር የቀጠነ ክር ዘርግተው ሥር የማይደርስበት ድረስ ይሄዳሉ። ፎስፈረስና ውኃ ያመጣሉ፣ ተክሉ በምላሹ ስኳር ይከፍላቸዋል። ገብሱም ባቄላውም በዚህ ንግድ ውስጥ አለበት። ዝናብ አጠር በሆነ ቆላ ደግሞ ጥቅማቸው ይብሳል። እነ እምሩ ብርሃነ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ፈንገስ የተሰጣቸው የዕጣን ዛፍ ችግኞች፣ ውኃ እየመጣ በሚጠፋበት ሁኔታ ካልተሰጣቸው የተሻለ አድገዋል። ይኸው የዕጣን ዛፍ በእኛው መተማ ቆላ ይበቅላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካርታው ግምት ነው። ከተለያዩ አገሮች አፈር የተሰበሰበ የዘረመል መረጃ ለኮምፒውተር ተሰጥቶ፣ ናሙና ያልተወሰደባቸውን ቦታዎች ኮምፒውተሩ ገመተ። ግምት ደግሞ የሚረጋገጠው በቁፋሮ ነው። በዓለም ላይ ይኖራሉ ተብለው ከሚገመቱት 2.5 ሚሊዮን ያህል የፈንገስ ዝርያዎች ስም ያገኙት 155,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ስም አልባዎቹ የወገራ ቁልቁለት ላይ የሉም ያለው ማነው?

አይቻልም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአገራችን አፈር የተገኘ አንድ አዲስ ፈንገስ «ትራይኮደርማ ኤትዮፒከም» ተብሎ በሳይንስ መዝገብ ገብቷል። ከሰያሚዎቹም አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በየክረምቱ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ደን ወደ እርሻና ወደ ሌላ ሲለወጥ የአፈሩ ፈንገስም አብሮ እንደሚለወጥ አሳይቷል። ሳንሰይመው የሄደውን እንደጠፋ እንኳ አናውቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለአምባ ጊዮርጊስ የቅርብ ጎረቤት ነው። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ እናያለን። ርዕሱ ይኸው! መንገዱ ሰላም ሲሆን ጥቂት የአፈር ከረጢትና አንድ አካፋ ይዞ መነሳት ነው። ገበሬውም ይጠየቅ፤ የትኛው ማሳ ያለ ማዳበሪያ እንደሚያበቅል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሰሜንን ዋልያ ዓለም በእኛ ስም ይጠራዋል። የሰሜንን ፈንገስም ሌላው መጥቶ ሳይሰይመው እኛው እንቅደም።

ቸር እንሰንብት።