ለዘመድ ጥየቃ የትኛው ሌንስ?

ለበዓል ሁሩታ የሚወርድ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይጠብቀዋል። ደጅ የስንዴው ማሳና ከማዶ የጭላሎ ተራራ በፀሐይ ተሞልተዋል። ቤት ውስጥ ግን ቡና የሚፈላው በአንዲት መስኮት ብርሃን ነው፤ የዓመቱ ዋና ፎቶ የሚነሳውም እዚያው ነው።

ከካሜራው ጋር የሚሸጠው 18–55 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ ለደጁ ይበቃል። ማሳውንም የሚሮጠውንም ልጅ ካሉበት ሳይነቃነቁ ያነሱበታል። ቤት ሲገቡ ግን ይቸገራል፤ 55 ላይ ሲሆን ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። የማያቀርበውና የማያርቀው ባለ 50 ፕራይም ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ስለሚሰፋ፣ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ካሜራው ፈጥኖ ያነሳል፣ ስኒ የሚያቀብሉት የአያት እጅም አይደበዝዝም። ፍላሹንስ? ተዉት፤ የእጣኑን ጭስ ውበት ያጠፋዋል።

ችግሩ፣ አነስተኛ ሴንሰር ባላቸው በተለመዱት ካሜራዎች ላይ የ50ው እይታ ይጠብባል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባዎ ግድግዳ እስኪነካ ቢያፈገፍጉም ሁሉም ሰው አይገባልዎትም። እኔ የምመርጠው ኤፍ 1.8 የሚከፈተውን ባለ 35 ነው። ከመግዛትዎ በፊት ዙሙን 35 ላይ በፕላስተር አስረው አንድ ቅዳሜ ቤትዎ ውስጥ ያንሱበት። ቀረብ ራቅ እያሉ ማንሳቱ ካልሰለቸዎት ይግዙት። ዙሙን ግን እንዳይሸጡት፤ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ቀረብ ራቅ የሚሉበት ቦታ የለም።