ሳይቃጠል በቅጠል፤ ቅጠሉ ግን የታል?

ሰሞኑን ከአንድ ሐኪም ወዳጄ ጋር ቡና ቤት ተቀምጠን ክፉኛ ተከራከርን። «እንግሊዞች ለሳንባ ካንሰር አገር አቀፍ ቅድመ ምርመራ ጀምረዋል። እኛስ ሰው ደም ሲተፋ ብቻ የምንነቃው እስከ መቼ ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማህም?» አለኝ። እኔ ደግሞ «ለጊዜው አይሆንም» አልኩት። ደነገጠ። መደንገጡ አልገረመኝም፤ ታላቅ ወንድሜን በዚሁ በሽታ መቅበሬን ያውቃል። ወንድሜ ሲያስለው «ሳንባ ነቀርሳ ነው» ተባለና ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ዋጠ። ሲቲ ስካን የተነሣው ሰውነቱ ካለቀ በኋላ ነበር።

«ታዲያ አንተ እንዴት ትቃወማለህ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይኸው።

አስቀድሜ ሐቁን አላድበሰብስም፤ ምርመራው ሰው ያድናል። በአሜሪካ ከ53 ሺህ በላይ አጫሾችና ማጨስ ያቆሙ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን ከታዩት መካከል በሳንባ ካንሰር የሞቱት፣ በተራ ራጅ ከታዩት በ20 በመቶ አነሱ። በሆላንድና በቤልጅየም የተካሄደው ጥናትም በ2020 ይህንኑ አጠናከረ።

እንግሊዞች ግን ይህን ሰምተው በማግሥቱ ወደ መሣሪያ ሸመታ አልሮጡም። በ2019 በተመረጡ አካባቢዎች ሞከሩት፤ መሣሪያውን በከባድ መኪና ጭነው ከገበያ አዳራሽ ደጃፍ አቆሙት። የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2022 «ይጀመር» አለ፤ መንግሥት በ2023 ተቀበለ። የሚጠሩት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆነ፣ ሲጃራ አጭሰው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ሲቲ ስካን የሚነሡት ሥጋታቸው ከፍ ያለው ብቻ ነው። እንዲህ የተጠነቀቁት ምርመራው ጉዳትም ስላለው ነው። በአሜሪካው ጥናት በሦስት ዙር ምርመራ ከ100 ሰው 39ኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ «አጠራጣሪ ነገር ታየ» ተብለዋል። ከአጠራጣሪዎቹ ውጤቶች ግን ከ100 96ቱ ካንሰር አልነበሩም!

አሁን ይህን ወደ እኛ አገር አምጡት። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ሳንባ ነቀርሳ ጸንቶባቸዋል ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ነቀርሳ ቢድንም ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው በሲቲ ስካን ሲታይ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ስንቱን ጤነኛ በፍርሃት ልናሳቅቅ ነው? የስንቱንስ ደረት በመርፌ ልንወጋ ነው? ደግሞስ እናቶቻችን? ሲጃራ በአፋቸው ሳይዞር ዕድሜ ልካቸውን ጉልቻ ሥር የማገዶና የኩበት ጭስ የማጉትን «አጭሰሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ፎርም ዘሏቸው ያልፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ዊልሰንና ዩንግነር ጽፈውት የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መመሪያ፣ በሽታን ፍለጋ ከመውጣት በፊት ማረጋገጫውና ሕክምናው ይዘጋጅ ይላል። በጊዜ የተገኘ የሳንባ ካንሰር ዋና ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ይህን የሚሠራ ሐኪም በስንቱ ከተማችን አለ? የጨረር ሕክምናስ ቢሆን ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ማዕከላት ተጨምረዋል፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ግን ምን አላቸው? ካንሰር አለብህ ብሎ ነግሮ ሰውን ወደ ቤቱ መመለስ ምርመራ ሳይሆን የሞት ፍርድ ማንበብ ነው። ወዳጄ ሆይ፣ ቅጠሉ የታል?

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጃራ መሸጥን ይከለክላል። እኔ ግን ከቤቴ ደጃፍ ሱቅ በደረቴው ዩኒፎርም ለለበሰ ተማሪ በፍሬ ሲሸጥ አያለሁ። ይህን ለማስቆም ሲቲ ስካን አያስፈልግም። የነቀርሳ መድኃኒት ወስዶ ሳሉ ያልለቀቀውን ሰው ቶሎ እንደገና መመርመርም ቅድመ ምርመራ አይባልም፤ የሐኪም የዕለት ሥራ ነው። ቅድመ ምርመራ ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው ፍለጋ ነው። ወንድሜ እኮ ፍለጋ አላሻውም ነበር፤ እያሳለ ከሐኪም ፊት ተቀምጦ ነበር።

ከእንግሊዞች ልንቀዳ የሚገባን መሣሪያውን ሳይሆን አወሳሰኑን ነው፤ መሞከርን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን በአደባባይ መመዘንን። ቅጠሉ በእጃችን የገባ ቀን «ምርመራው ይጀመር!» ብሎ ለመጮህ ቀዳሚው እኔ ነኝ። እስከዚያው ግን በራሱ እግር መጥቶ ፊታችን የሚያስለውን ሰው እንስማው።