አረቄን የዘነጋ ክርክር

«አደገኛ መጠጥ የከተማ ጣጣ ነው፤ ገበሬው በበዓል ጠላ ከመቅመስ አያልፍም» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው አረቄን የት ጥለውት ነው? ጠላ ከቢራ ብዙም አይርቅም። አረቄ ግን ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊይዝ ይችላል። በአርሲ ነገሌ እናቶች ከጭስ ጋር እየታገሉ ያወጡታል። ሌላ መተዳደሪያ ስላጡ ነውና አልፈርድባቸውም። ጠጪው ግን በባዶ ሆዱ፣ ገና በማለዳው ይጨልጠዋል፤ የገበያ ቀን ገቢውም እዚያው ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉ መሸጥንም ከለከለ። መልካም ነው። አረቄ ግን ማስታወቂያም መለያም የለውም፤ ለልጅ ሲቀዳም ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ አረቄም ጠይቁ።